ኤሌክትሮኑና ሳላርዳት የቀረችው በግ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ጎረቤቴ አቶ ጌታነህ የድንጋይ አጥሬ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው፣ «እስቲ አሁን እንኳ ንገሪኝ አስተማሪ፤ ለመሆኑ ስታስተምሪ የኖርሽው ምን ነበር?» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ገብስ ሲያርሱ የኖሩ፣ ያልገባቸውን ነገር ሳይጠይቁ የማያልፉ ሰው ናቸው።

«ፊዚክስ» አልኳቸው።

«እሱንስ ሰምቻለሁ። ውስጡ ምንድን ነው?»

ሥራ ፈትቼ ስለነበር ጀመርኩላቸው። ኤሌክትሮን የሚባል በዓይን የማይታይ ቅንጣት እንዳለ፣ ሳይለካ ግን «እዚህ ጋ ነው» ማለት እንደማይቻል፣ የሚታወቀው በዚህ በኩል የመገኘት ዕድሉ ይህን ያህል፣ በዚያ በኩል ደግሞ ያን ያህል መሆኑ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። አቶ ጌታነህ እስክጨርስ ሰሙኝና፣

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የት እንዳለ የማይታወቅ ነገር ስታስተምሪ ኖርሽ?» አሉ።

«አዎ።»

«ደመወዝም ይከፍሉሽ ነበር?»

«ሳያቋርጡ!»

«አይ መንግሥት!» ብለው እየሳቁ ወደ እርሻቸው ሄዱ።

እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። የሥራ ዘመኔን ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት በዚሁ ነገር ላይ ነውና። ተፈጥሮዬ ሆኖ ጥፋቴን ሰው ላይ ማላከክ ይቀናኛል፤ ባለቤቴም ልጆቼም ይመሰክራሉ። ይቺን ግን ዓመታት ሙሉ በሰው ላይ እያላከክኋት ኖሬ፣ በመጨረሻ ተመልሳ እኔው ላይ ወደቀች። ስለዚህ ልጻፋት።

መጀመሪያ የተመደብኩት መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ነበር። የደጋ ልጅ ነኝና ሙቀቱ አንገላታኝ። ላቦራቶሪ የሚባል ክፍል ነበረን፤ ቁልፉ ጠፍቶ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሞገድን የማስተምረው በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነበር። ሳፋው ላይ ውኃ እሞላና ሁለት ጣቴን ነከር ነከር አደርጋለሁ፤ ከሁለቱ ጣቶች የሚነሡት ክብ ክብ ሞገዶች ሲገናኙ አንዳንድ ቦታ ላይ ከፍ ይላሉ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ይጠፋፉና ውኃው ጸጥ ይላል። ልጆቹ በሳፋው ዙሪያ አንገታቸውን አስግገው ማየታቸው ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ሁለት ዓመት ከቆየሁ በኋላ ዝውውር ጠየቅሁ፤ የጻፍኩት ማመልከቻ ቢጠረዝ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። በመጨረሻ ደጋው ላይ ያለችው ሞላሌ ደረሰችኝ።

ሞላሌ የገባሁ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤዬን አገላብጠው አዩና፣ «ሴት የፊዚክስ አስተማሪ ነው እንዴ የላኩልን?» አሉ።

«የፊዚክስ አስተማሪ ነው የላኩልዎ። ሴትነቴን ራሴ ነኝ ይዤው የመጣሁት» አልኳቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሳቸው ጋር ዓይንና ናጫ ሆንን፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የከሰዓት በኋላውን ክፍለ ጊዜ ሁሉ እኔ ላይ ጫኑት።

ዕድሌ ግን ጋሽ ተፈራ ሆኑ። የፊዚክስ ክፍል ኃላፊው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከቅርብ ካልሆነ የማይሰማ ሰው። ልጆቹ እሳቸው ክፍል ውስጥ አይንጫጩም፤ ከተንጫጩ አይሰሟቸውማ! ሁልጊዜ ደወል ሳይደወል ይገቡና ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ራሳቸው ይወለውሉታል። ከዚያ አንድ መስመር ይጽፉና መጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ሄደው ይቀመጣሉ፤ ጽሑፋቸው ከዚያ ይነበብ እንደሆነ ለማየት። ካልተነበበ ተመልሰው ያጠፉትና አግዝፈው ይጽፉታል። «ኋላ የሚቀመጠው ከሩቅ የሚመጣው ልጅ ነው፤ አርፍዶ ስለሚደርስ» ይሉኝ ነበር። የተናደዱ ዕለት የፈተና ወረቀት አያርሙም። እኔ የተናደድኩ ዕለት ካላረምኩ መቼ ላርም ነው ብዬ ሙግት ገጥሜያቸው አውቃለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የተሳሳተ ነገር አስተምረው እንደሆነ ካወቁ፣ በማግስቱ ክፍል ሲገቡ የሚናገሩት የመጀመሪያ ነገር «ትናንት ተሳስቻለሁ» የሚል ነው። ደብተር ያስወጣሉ፣ የተሳሳተውን መስመር በእስክርቢቶ ያሰርዛሉ፣ ከዚያ በወንበሮቹ መካከል እየዞሩ ሁሉም መሰረዙን በዓይናቸው ያያሉ። መጀመሪያ ሳየው እኔ ነኝ ስለ እሳቸው ያፈርኩት።

«ኧረ ጋሽ ተፈራ፣ ልጆቹ ይንቁዎታል!» አልኳቸው።

«ቢንቁኝ ምን ይቀርብኛል? እኔ የምፈራው ስሕተቱን ይዘው ቤታቸው እንዳይገቡ ነው» አሉኝ።

ከጋሽ ተፈራ የሰሌዳ አወላወሉን ወሰድኩ፣ ኋላ ሄዶ መቀመጡን ወሰድኩ፤ ይህን ግን አልወሰድኩም። ተማሪ ፊት ተሳሳትኩ ማለት ለእኔ ሞት ነበር።

በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ኤሌክትሮንን እንደ ሞገድ ስለሚገልጸው ዌቭ ፈንክሽን የሚናገሩ ጥቂት ገጾች ነበሩ። ብዙ አስተማሪ ዘሏቸው ነው የሚያልፈው። ምልክቱ ሳይ የሚባል የግሪክ ፊደል ነው፤ የአውድማውን ባለ ሦስት ጣት መንሽ ስለሚመስል ልጆቹ «መንሿ» ይሏታል። ጋሽ ተፈራ እነዚህን ገጾች ዓመት በዓል እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የሚጠብቋቸው። ጠመኔውን በቁሙ ይዘው አይጽፉበትም፤ በጎኑ ያጋድሙትና ሰሌዳው ላይ ያሹታል። አንዱን ቦታ ደጋግመው ያነጡታል፣ አንዱን ሳሳ ያደርጉታል፣ አንዱን ጨርሶ አይነኩትም። ነጥብ ግን አያደርጉም። ኤሌክትሮንን በነጥብ የሣለ ተማሪ ከሳቸው ክፍል አይወጣም ነበር።

«መንሿ ራሷ ዕድል አይደለችም» ይላሉ። «በአንድ ቦታ ላይ ያላትን መጠን ወስዳችሁ በራሱ ስታባዙት ነው፣ ኤሌክትሮኑን በዚያ አካባቢ የማግኘት ዕድል የሚወጣላችሁ። የሁሉንም ቦታ ብትደምሩት ድምሩ አንድ ነው፤ ከለካን የሆነ ቦታ ማግኘታችን አይቀርማ።»

ሁልጊዜ አንድ ተማሪ አይጠፋም፦ «እሺ፣ አሁን የት ነው ያለው?»

«ለክተሃል?»

«አልለካሁም።»

«እንግዲያው ‹የት ነው› አትበለኝ። ‹ብለካ የት አገኘዋለሁ› በለኝ፤ እሱን እመልስልሃለሁ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» የሚል ከተገኘ የጋሽ ተፈራ ፊት ቦግ ይላል። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ ይሰጡታል። አንድ ጊዜ ብትለካ አንድ ነጥብ ነው የምታገኘው፣ ከአንድ ነጥብ ደግሞ ምንም አትማርም፤ በእኩል ሁኔታ የተዘጋጁ ብዙ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ብትለካ ግን ነጥቦቹ ጠመኔው በወፈረበት ይበዛሉ፣ በሳሳበት ያንሳሉ፣ ባልተነካበት አይኖሩም እያሉ ያስረዳሉ። ግማሹ ክፍል ይገባዋል፣ ግማሹ ያፈጣል።

እኔ ሳስተምረው ሁሉም ያፈጡብኝ ነበር። በዚህ በጣም እበግን ነበር።

አንድ ዓመት፣ ጭጋጉ ከመክበዱ የተነሣ ከክፍሉ በር ላይ ሆኖ የባንዲራው እንጨት በማይታይበት ሰሞን፣ ዘነቡ የምትባል ተማሪዬ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቀረች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ እጇን ስታወጣ ክርኗን በሌላው እጇ ደግፋ፣ እስክትጠራ ድረስ የማታወርድ። ቤተሰቦቿ ጓሳ ከሚባለው ሰፊ የሣር ምድር አጠገብ ነው የሚኖሩት። ሐሙስ ስትመጣ፣

«የት ነበርሽ?» ብዬ ጮኽኩባት።

«በግ ጠፍታብን ጓሳ ላይ ስንፈልግ ነበር፣ ቲቸር።»

«አገኛችኋት?»

«አላገኘናትም።»

ያን ዕለት የማስተምረው ዌቭ ፈንክሽንን ነበር። ጋሽ ተፈራም ክፍሌን ሊያዩ ኋላ ተቀምጠዋል። በድንገት አንድ ነገር መጣልኝ። «የት ያለች ይመስልሻል?» አልኳት። ዘነቡ አፏን ሳትከፍት ክፍሉ በሙሉ ተንጫጫ። «ምንጩ ጋ!» «ሣሩ ውስጥ ተኝታ!» «ጅብራው ዛፍ ሥር ተጠልላ!» «ገደሉ በኩልማ አትሄድም!» እኔም ጠመኔዬን በጎኑ አጋደምኩና እነሱ እየጮኹ እኔ ማንጣት። ምንጩን አወፈርኩት፣ ሣሩን መካከለኛ አደረግሁት፣ ገደሉን አልነካሁትም። «ይኸውላችሁ! መንሿን በራሷ ስታባዟት የምታገኙት ይህን ነው!» አልኳቸው።

«ኦ!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። ከዚያ አጨበጨቡ። አስተማሪ ሆኜ እንዲያ ያለ «ኦ» ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ወዲያው ደወሉ ተደወለ። የዘነቡ እጅ እንደተነሣ ነው።

«ቲቸር፣ የኛ በግ እኮ እኛ ባናያትም አንድ ቦታ አለች። ኤሌክትሮኑም እንደሷ ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ከጋሽ ተፈራ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ግን ጭብጨባው ገና ጆሮዬ ላይ ነበር፣ ልጆቹም ደብተራቸውን እየሰበሰቡ ነው። ያንን «ኦ» ማበላሸት አልፈለግሁም።

«አዎ፣ እንደሷ ነው» አልኳት።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ጋሽ ተፈራ ቀስ ብለው መጡ። «ግሩም ነው» አሉኝ። «እኔ እንዲህ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። በጓ ግን ያለችበትን ታውቃለች።»

«እንዴት ማለት?»

«ጭጋጉ የጋረደው እኛን ነው እንጂ እሷን አይደለም። አሁን በዚች ደቂቃ የሆነ ቦታ ቆማ ሣር ትግጣለች፤ የማናውቀው እኛ ነን። ኤሌክትሮኑም እንዲያ ነው ብለሽ ለልጅቷ ነገርሻት። አይደለም።»

«ጊዜ አልቆብኝ እኮ ነው!»

«ነገ ጊዜ አለሽ። በግሽን ለአምስት ደቂቃ ተጠቀሚባት፤ ከዚያ ልጆቹ ፊት እረጃት። ሳታርጃት ከክፍል እንዳትወጪ።»

እኔ ምን አደረግሁ? ቀኑብኝ አልኩ! እኚህ ሽማግሌ የእኔን ጭብጨባ ዓይናቸው ሊያይ አልቻለም ብዬ ደመደምኩ። በማግስቱ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍኩ። በጓን አላረድኳትም።

እንዲያውም አደለብኳት። ጋሽ ተፈራ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ደብረ ብርሃን ገቡ፤ ኋላም ማረፋቸውን ሰማሁ። እኔ በየዓመቱ ያቺኑ በግ እያስነሣሁ፣ በየዓመቱ ያንኑ «ኦ» ስሰማ ኖርኩ። የሌላ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ምሳሌዋን ተዋሱኝ። አንድ ሥልጠና ላይም አቅርቤያት ተመስግኜባታለሁ። በየዓመቱ ከኔ ክፍል የሚወጣ ልጅ ሁሉ፣ ኤሌክትሮን ማለት የሆነ ቦታ ቆሞ የሚጠብቀን፣ እኛ ብቻ የማናየው ነገር እንደሆነ እያመነ ወጣ።

ዘነቡ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ አጠናች። እኔ በዚያ መካከል ወደ ቀየት ትምህርት ቤት ተዛውሬ ነበር። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፣ ረዳት አስተማሪ አድርገው እዚያው ሊያስቀሯት ነው፣ የቀራት የቃል ፈተና ብቻ ነው የሚል ወሬ ሲደርሰኝ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ነገርኩ። «የኔ ተማሪ ናት!» ያላልኩት ሰው የለም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የምደባ ደብዳቤ ይዛ እኛው ትምህርት ቤት ከች አለች።

«ምነው ዘነቡ?»

«አልሆነም፣ ቲቸር» አለችኝ።

እኔ ታዲያ ምክንያቱን ራሴ አወቅሁላት። ዘመድ ስለሌላት ነው አልኩ። የባለሥልጣን ልጅ አስገብተው የድሃ ልጅ ጣሉ አልኩ። በሻይ ሰዓት፣ በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ ያልተናገርኩበት ቦታ የለም። ያን ያህል ስናገር ዘነቡ አጠገቤ ሆና አንገቷን ደፍታ ትሰማኝ ነበር። ያፈረች እየመሰለኝ ይበልጥ እጮኻለሁ። ከሷ ጋር ብዙ ዓመት እንዲህ አብረን ሠራን።

ጡረታ ልወጣ ወር ሲቀረኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለሷ ማስረከብ ነበረብኝ። ክፍሏን ለማየት ገብቼ ኋላ ተቀመጥኩ። ርዕሱ ዌቭ ፈንክሽን ነው። ዘነቡ ጠመኔዋን በጎኑ አጋደመችና፣ «አስተማሪዬ የሰጡኝ አንዲት በግ አለችኝ» ስትል ልጆቹ ዞረው እኔን አዩ። ደረቴ ተነፋ። ጓሳውን አመጣችው፣ ጭጋጉን አመጣችው፣ ምንጩን አወፈረችው። ልጆቹ «ኦ!» አሉ።

«አሁን ይቺን በግ እናርዳታለን» አለች።

መጀመሪያ በትክክል ያልሰማሁ መሰለኝ፤ የጋሽ ተፈራን ቃል እሷ ሰምታው አታውቅም ነበር።

«ሁለት በር ያለው የድንጋይ በረት አስቡ» አለች። «ግራውን በር ብቻ ስትከፍቱ፣ ማዶ ካለው አጥር አንድ ቦታ ላይ የሚደርሱ በጎች አሉ። ቀኙን ብቻ ስትከፍቱም እዚያው ቦታ የሚደርሱ አሉ። ሁለቱንም ብትከፍቱስ?»

«ይበዛሉ!»

«በግ ከሆነ አዎ፣ ይበዛሉ። ኤሌክትሮን ሲሆን ግን ሁለቱ በር ሲከፈት ጨርሶ የማይደርስበት ቦታ ይገኛል። አንዱ በር ብቻ ሲከፈት ይደርስበት የነበረ ቦታ! ኤሌክትሮኖቹን አንድ በአንድ ብትለቋቸው እንኳ እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ እንደ በግ በአንዱ በር ብቻ የሚወጣ ቢሆን፣ የሌላኛው በር መከፈት ለሱ ምኑ ነው?»

ዘነቡ ከጠረጴዛው ሥር ሳፋ አወጣች። ውኃው ላይ ሁለት ጣቷን ነከር ነከር አደረገች፤ ሞገዶቹ የሚጠፋፉበትን ቦታ አሳየቻቸው። «የሚደመሩት ዕድሎቹ አይደሉም» አለች። «መጀመሪያ የግራዋና የቀኟ መንሽ ይደመራሉ፤ ከዚያ ነው ድምሩ በራሱ የሚባዛው። መንሿ ከዜሮ በታችም ልትሆን ስለምትችል ሁለቱ ሊጠፋፉ ይችላሉ። ዕድል ግን ከዜሮ በታች አይሆንም፣ አይጠፋፋምም። ለዚህ ነው ኤሌክትሮኑ ሳይለካ ‹የሆነ ቦታ ቆሟል፣ እኛ ነን የማናውቀው› ብለን እንደ በግ ልናስበው የማንችለው። ቦታ አለው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ሞገዱ በሁለቱም በር ያልፋል ይላሉ። እንደ በግ ነው የሚል ግን አንድም የለም።»

ልጆቹ አላጨበጨቡም። አንዷ ግን፣ «እህ! ታዲያ ከመለካታችን በፊት ምን ነበር?» ብላ ጠየቀች፤ ከዚያ ሦስት አራት እጅ ተነሣ። እኔ ፊቴ እንደ እሳት ነዶብኝ ደወል ሳይደወል ወጥቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። ጠመኔ እየቆጠረች ነበር።

«ዘነቡ! ስሕተት ካየሽብኝ ለብቻዬ አትነግሪኝም ነበር? እስክወጣ አንድ ወር መታገሥ አቃተሽ?»

«እርስዎ ተሳስተዋል አላልኩም እኮ፣ ቲቸር።»

«አርደሻታል!»

«በጓን?» አለች። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ግን ፊቴን ስታይ ተወችው። ጠመኔውን አስቀምጣ ተቀመጠች። «የቃል ፈተናዬን ነገር ነግሬዎት አላውቅም» አለችኝ።

«ዘመድ ስለሌለሽ ነው የጣሉሽ። አውቃለሁ።»

«አይደለም። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ፣ ‹ከመለካቱ በፊት ኤሌክትሮኑ የት ነው?› አለኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። የተማርኩትን ልመልስ ነበር፤ ብቻ መግቢያ ይሁነኝ ብዬ በእርስዎ በግ ጀመርኩ። ጓሳ፣ ጭጋግ፣ ምንጭ ስል ሰውዬው ሳቀ። ‹ይህን ያስተማረሽ ማነው?› አለኝ። ስምዎን ነገርኩት። ‹ሴትዮዋ ፊዚክስ የተማሩት በግ ሲጠብቁ ነው እንዴ?› አለ። ሦስቱም ሳቁ።»

«እና ምን አልሽ?»

«‹አስተማሪዬ አልተሳሳቱም› አልኩ። ከዚያ ወዲያ መመለስ አቃተኝ። ‹ታዲያ ኤሌክትሮኑም እንደ በግሽ አንድ ቦታ ቆሟል?› አለኝ። ‹አዎ› አልኩት። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ሣለና፣ ‹በይ ይህን አስረጂን› አለኝ። አብጠርጥሬ ነበር የማውቀው፣ ቲቸር። ትናንት ለልጆቹ ያልኩትን እዚያ ማለት እችል ነበር። ግን እሱን ካልኩ እርስዎን መካዴ ነው። ዝም አልኩ። ‹በቃ፣ መሄድ ትችያለሽ› አሉኝ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት በለቅሶ ቤት ሳይቀር ስረግመው የኖርኩት ሰው ለካ እኔው ነበርኩ! ደንግጬም እንኳ መቆጣቴ አልቀረም።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? እውነቱን ብትነግሪያቸው እኔ ምን እሆን ነበር? እዚያ የለሁ!»

«አለመኖርዎ እኮ ነው የባሰው» አለች። «በሌሉበት አሳልፌ ልስጥዎ?»

ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። «ተነሺ፣ ደወል ሊደወል ነው» ብያት ወጣሁ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ለሷ ብቻ አይደለም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ አጨብጭበውልኝ ስለወጡት ልጆች ሁሉ ነው። ስንቱን ዳግም አግኝቼ ነው ደብተርህን አውጣ የምለው?

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በሌላ ነገር አሳለፍኩ። ያው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ እየተማሩ የሚያስተምሩ ሰዎች ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። ዘነቡ አይታዋለች፤ አልሄድም ብላ ዘግታዋለች። ቅጹን ራሴ አስመጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። ወደ ጎን ገፋችው። በማግስቱ መልሼ አስቀመጥኩት። «ቲቸር፣ ይተዉኝ» አለችኝ። አልተውኳትም፤ ሰው መነዝነዝ ከሆነ ማንም አይስተካከለኝም። በአራተኛው ቀን ሞላችው። እኔ ጡረታ ወጥቼ፣ አቶ ጌታነህም በአጥሬ ላይ ከሳቁብኝ በኋላ፣ ለቃል ፈተና ተጠራች። ከፈታኞቹም አንዱ ያ በበጓ የሳቀው ሰውዬ መሆኑ ተሰማ።

ይህን ስጽፍ ውጤቱ ገና አልተነገረም። ልጽፍ የፈለግሁት ግን ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት የሆነውን ነው።

የገብስ ቆሎ ቋጥሬላት ቀየት መናኸሪያ ልሸኛት ሄድኩ። ገበያተኛው፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ኬሻ የሚጭኑ ሰዎች፣ መናኸሪያው ሞልቶ ነበር። ዘነቡ ቆሎውን ተቀበለችኝና መኪናው ውስጥ አልገባ ብላ ቆመች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂ።»

«ሰውዬው የበጓን ነገር አይረሳውም። ያነሣብኛል።»

«ያንሣዋ!»

«‹አስተማሪሽስ?› ቢለኝ ምን ልበል?» አለች። ስትጠይቀኝ አላየችኝም፤ መሬት መሬቱን እያየች ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነበር። አጠገባችን የቆሙት ሁለቱ የኔው ተማሪዎች ነበሩ፤ ጆሯቸውን አቁመው ይሰሙናል። ባይኖሩ በወደድኩ።

«ተሳስተዋል በይው» አልኳት።

«እንዴት ብዬ እርስዎን...»

«ያን ዕለት ጠይቀሽኝ ነበር። እንደ በጓ ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አለመሆኑን እያወቅሁ ‹አዎ› አልኩሽ። ስለተጨበጨበልኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ከዚያም እስክወጣ ድረስ ሳላርመው ኖርኩ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። እሱንም ንገሪው፤ ስሜን ከነአባቴ ጠርተሽ ንገሪው። እኔ ነኝ የፈቀድኩልሽ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። የኔም አልቀረም። ረዳቱ «እህት፣ ግቢ እንጂ፣ ልንሄድ ነው!» ብሎ ሲጮህባት ጉልበቴን ስማ ገባች። በመስኮት በኩል ወንበር ስትይዝ አየኋት። መኪናው ተነሥቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር መስታወቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችና አንገቷን አወጣች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ ግን የለውም።

«አልተሰማም!» አልኳት።

«ቲቸር አስካለ ተሳስተዋል!» አለች።

«አልተሰማም፣ ዘነቡ!»

«ቲቸር አስካለ ተሳስተዋል!» ብላ ጮኸች። መናኸሪያው በሙሉ ዞሮ አየኝ።

«እንደሱ!» አልኳት።